ልጅን ሁለት ጊዜ ማየት፦ የወላጅ ካሜራ በመዋዕለ ሕፃናትና የሕፃናትን ዕድገት የመከታተል ዘዴ

መግቢያ

በመዋዕለ ሕፃናት የዓመቱ ትምህርት መዝጊያ በዓል በሚከበርበት ዕለት በግቢው ውስጥ ጎልተው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ በወላጆች እጅ ከፍ ብሎ የተያዘው የእጅ ስልክ ነው። ሕፃናቱ ሲዘምሩ፣ ፊደል ሲቆጥሩና የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ልጅ በዓይኑ እየተከተለ ፊልም ያነሣል። ፊልሙም ለአያት፣ ለአክስት፣ በውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ ይላካል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይደሰትበታል። ይህ በራሱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በአንዲት የበዓል ቀን የተነሣ ፊልም ልጁ በዓመቱ ውስጥ ምን ያህል እንዳደገ ለማወቅ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ፊልም ብዙ ጊዜ የተለማመዱትን መዝሙር ያሳያል እንጂ ልጁ በአዘቦት ቀን እንዴት እንደሚጫወት፣ እንዴት እንደሚጣላና እንደሚታረቅ፣ ያልተሳካለትንም ነገር እንዴት መልሶ እንደሚሞክር አያሳይም።

በሌላው ወገን ደግሞ በክፍሏ ውስጥ ብዙ ሕፃናት የያዘች መምህርት በቀኑ ውስጥ እያንዳንዱን ልጅ የምታይበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ባየችው ነገር ላይ ተመሥርታም ስለ ልጁ አስተያየት ትይዛለች። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ምሳሌው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በሕፃንነት የተማሩት ነገር እንደማይረሳ ለማስረዳት ነው። ነገር ግን ልጅ ከሚይዛቸውና ከማይለቃቸው ነገሮች አንዱ ትልልቅ ሰዎች የሚሰጡት ስም ነው። በአምስት ዓመቱ «ሰነፍ»፣ «ደንቆሮ» ወይም «ረባሽ» የተባለ ልጅ ያንን ስም ይዞ አንደኛ ክፍል ሊገባ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ስለ ሕፃናት ዕድገት ምን ሊገልጽ እንደሚችል፣ በምን ዓይነት ዘዴ ሲነሣ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ እንደሚሆን፣ በምን ምክንያት ሊያሳስት እንደሚችልና ወላጅ ካሜራ ይዞ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲመጣ ሊጠበቁ የሚገባቸው ደንቦች ምን እንደሆኑ ማብራራት ነው።

1. ከማስታወሻ ደብተር ወደ ፊልም

የልጆችን ዕድገት በጥንቃቄ በመመልከት በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀደምት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ወላጆች ነበሩ። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1839 ስለ ተወለደው የመጀመሪያ ልጁ ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ ያንንም ማስታወሻ መሠረት አድርጎ ከ37 ዓመታት በኋላ በ1877 አንድ አጭር ጥናት አሳተመ። በጀርመን አገር ዊልሄልም ፕራየር የተባለው የሥነ ፍጥረት ሊቅ የገዛ ልጁን የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት ዕድገት በየዕለቱ እየተከታተለ መዝግቦ በ1882 መጽሐፍ አወጣ። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤም ስለ ጨቅላ ሕፃናት አስተሳሰብ ያቀረባቸው አሳቦች በአብዛኛው ሦስቱን ልጆቹን በመመልከት ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ወላጅ ተመልካች ሲሆን ከማንም የበለጠ አንድ ብልጫ አለው፤ ይኸውም ቅርበቱ ነው። ልጁ በወላጁ ፊት አይሸማቀቅም። ወላጁም ልጁ ትናንት ምን ያደርግ እንደነበረ ያውቃል። ነገር ግን በዚያው ልክ ጉድለት አለው። ፍቅር ዓይንን ይመራል፤ ወላጅ ሊያይ የሚፈልገውን ያያል። ከዚህም ሌላ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ከብዙው ድርጊት መካከል ጥቂቱን መርጦ ይጽፋል፤ ያልጻፈው ደግሞ ለዘለዓለም ይጠፋል። የጻፈውንም ቢሆን ሌላ ሰው መልሶ አይቶ ሊያርመው አይችልም።

ይህን ጉድለት ለማቃለል ፊልምን በሰፊው ከተጠቀሙት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው አሜሪካዊው አርኖልድ ጌዜል ነው። ጌዜል በ1911 በዬል ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ዕድገት ክሊኒክ አቋቋመ፤ ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ሕፃናትን በፊልም ማንሣት ጀመረ። ለዚሁ ሥራ ሲባል በጉልላት መልክ የተሠራ ክፍል ተዘጋጅቶ ካሜራው በጉልላቱ ላይ በሐዲድ እየተንሸራተተ ሕፃኑን ከልዩ ልዩ አቅጣጫ ያነሣ ነበር። ተመልካቾችም ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መጋረጃ በስተጀርባ ሆነው ሕፃኑን ሳይረብሹ ይመለከቱት ነበር።

የጌዜል ሥራ ዋና ቁም ነገር በማንሣቱ ላይ ሳይሆን በኋላ መልሶ በማየቱ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ድምፅ አልባ ፊልም በአንድ ሴኮንድ 16 ያህል ሥዕሎችን ይይዝ ነበር፤ ይህም በአንድ ደቂቃ 960 ሥዕል ማለት ነው። ጌዜልና ረዳቶቹ እነዚህን ሥዕሎች አንድ በአንድ እያቆሙ ሕፃኑ እጁን ወደ አንድ ትንሽ ነገር ሲዘረጋ ጣቶቹ በየትኛው ጊዜ እንደሚከፈቱ፣ አውራ ጣቱ መቼ ከሌሎቹ ጋር ፊት ለፊት እንደሚገጥም ይመረምሩ ነበር። የዚህ ጥናት ውጤት በ1934 ከሦስት ሺህ በላይ ሥዕሎችን በያዘ መጽሐፍ ታትሟል። ዓይን በቅጽበት የሚያልፈው ነገር ፊልም ሲቆም እንደሚገለጽ በዚህ ታወቀ።

2. በድንጋይ ላይ መቀመጥ፦ የአንዲት ሕፃን ችግር

አንድ አጭር ፊልም ምን ያህል ሊያስተምር እንደሚችል ከሚያሳዩት ምሳሌዎች ሁሉ የታወቀው ኩርት ሌቪን በበርሊን ያነሣው ነው። ሌቪን በ1920ዎቹ ዓመታት በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር ሳለ ሕፃናትን በተፈጥሮ አካባቢያቸው እንደሆኑ በፊልም ያነሣ ነበር። በአንደኛው ፊልም ላይ የምትታየው ከቤተሰቡ ወገን የሆነች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ናት። ሕፃኗ በአንድ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ትፈልጋለች። ነገር ግን ለመቀመጥ ለድንጋዩ ጀርባዋን መስጠት አለባት፤ ጀርባዋን ስትሰጥ ደግሞ ድንጋዩ ከዓይኗ ይሰወራል። ስለሆነም ድንጋዩን ደጋግማ ትዞረዋለች። በመጨረሻም ጎንበስ ብላ በእግሮቿ መካከል ድንጋዩን እያየች ወደ ኋላ በመራመድ ትቀመጥበታለች።

ይህን ትዕይንት በችኰላ የሚያይ ትልቅ ሰው ይስቅና ያልፋል። ሁለተኛ ጊዜ የሚመለከተው ግን አንድ ታላቅ ነገር ይገነዘባል። ለሕፃኗ ወደሚፈለገው ነገር ለመድረስ ከዚያው ነገር ፊትን ማዞር ከባድ የአእምሮ ሥራ ነው። የተፈለገው ነገር በኃይል ይስባታል፤ መንገዱ ግን ለጊዜው ከእርሱ መራቅን ይጠይቃል። ሕፃኗ የእጅና የእግር ጉልበት አላነሳትም። ያልዳበረው በዓይኗ የማታየውን ነገር ቦታ በአእምሮዋ ይዛ መንቀሳቀስ ነው። ሌቪን ይህን ፊልም በ1929 በዬል ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሥነ ልቦና ጉባኤ ላይ ባሳየ ጊዜ ጀርመንኛ የማያውቁ ተሰብሳቢዎች ሳይቀሩ አሳቡን ሊረዱት ችለዋል።

ለመምህራን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የልጅ ስሕተት የአስተሳሰቡን ደረጃ የሚያሳይ መስኮት ነው። ልጁ ሥራውን በትክክል ሲፈጽም ብቻ ፊልም የሚነሣ ከሆነ ግን ይህ መስኮት ይዘጋል። ወላጆች «አሁን አበላሸው፤ እንደገና ይሞክርና እናንሣ» በማለት የሚሰርዙት ክፍል ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ያለበት ክፍል ነው።

3. በሥዕሉ ውስጥ የሚታየው ሰዓት

ፊልም የሚያነሣ ሰው ካሜራውን መቼ እንደሚከፍትና መቼ እንደሚዘጋ ይመርጣል። በመሆኑም ፊልም በራሱ እውነትን ያሳያል ማለት አይቻልም፤ ልጁ ሲያለቅስ ብቻ ያነሣ ሰው ሁልጊዜ የሚያለቅስ ልጅ ያሳያል፤ ሲስቅ ብቻ ያነሣም እንዲሁ። ይህን ችግር በቀላል ዘዴ የፈታው በለንደን በታቪስቶክ ክሊኒክ ከጆን ቦልቢ ጋር ይሠራ የነበረው ጄምስ ሮበርትሰን ነው።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወላጆች ተኝተው የሚታከሙ ልጆቻቸውን እንዲጠይቁ የሚፈቀድላቸው በጣም ለአጭር ጊዜ ነበር። ሕፃኑ ጥቂት አልቅሶ ዝም ሲል ሐኪሞችና ነርሶች «ለመደ» ይሉ ነበር። ሮበርትሰን ግን ዝምታው መልመድ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ነው የሚል እምነት ነበረው። በቃል ሲናገር የሚሰማው ስላጣም በድምፅ አልባ ካሜራ የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ዕድሜ ያላትን አንዲት ሕፃን የስምንት ቀን የሆስፒታል ቆይታ አነሣ። ሕፃኗ የተመረጠችው ከተጠባባቂዎች መዝገብ በዕጣ ነበር። ፊልሙም የሚነሣው አስቀድሞ በተወሰነ የቀን ሰዓት ሲሆን የክፍሉ የግድግዳ ሰዓት በሥዕሉ ውስጥ እንዲታይ ተደርጓል። ይህም የሆነበት ምክንያት አንሺው የሚያሳዝነውን ጊዜ ብቻ መርጦ አነሣ የሚል ክርክር እንዳይነሣ ነው።

ፊልሙ በ1952 ለሕክምና ባለሙያዎች በታየ ጊዜ ብዙዎቹ ተቆጡ። ቀስ በቀስ ግን የሚያዩትን መካድ አልቻሉም። በ1959 በእንግሊዝ መንግሥት የተሾመው የፕላት ኮሚቴ ወላጆች በሆስፒታል ያሉ ልጆቻቸውን ያለ ገደብ እንዲጠይቁ የሚያሳስብ ሪፖርት አቀረበ፤ ለዚህም ውጤት የሮበርትሰን ፊልም ከፍተኛ አስተዋጽዖ አድርጓል። ሮበርትሰንና ባለቤቱ ጆይስ በ1969 እንደገና እናቱ ለወሊድ በሄደችበት ጊዜ ዘጠኝ ቀን በሕፃናት ማቆያ የቆየ የ17 ወር ሕፃን ፊልም አወጡ። በዚያ ፊልም ላይ ሞግዚቶቹ ደጎች ናቸው፤ ነገር ግን ሥራቸው በተራ የተከፋፈለ ስለሆነ ለአንዱ ሕፃን የራሴ የሚለው ሰው አልተገኘም። ሕፃኑ ወደ እያንዳንዳቸው ለመጠጋት ይሞክራል፤ ሙከራው እየከሸፈ ሲሄድ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ መሄዱ በግልጽ ይታያል።

ለትምህርት ፕላን አውጪዎች ይህ ምሳሌ ሁለት ነገሮችን ያስገነዝባል። አንደኛ፣ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ችግሩ ከሠራተኞች ክፋት ሳይሆን ከሥራ አደላደል ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህም መፍትሔው ሠራተኛውን መውቀስ ሳይሆን አደላደሉን መለወጥ ነው።

4. ፊልም እንደ መልስ፣ ፊልም እንደ ጥያቄ

ከላይ የተገለጹት ተመራማሪዎች ፊልምን ማስረጃ አድርገው ነበር የተጠቀሙበት። አሜሪካዊው ጆሴፍ ቶቢንና ባልደረቦቹ ግን በ1980ዎቹ ዓመታት ለየት ያለ ዘዴ ተከተሉ። በጃፓን፣ በቻይናና በአሜሪካ በሚገኙ መዋዕለ ሕፃናት የአንድን ቀን ውሎ በቪዲዮ አንሥተው ካሳጠሩት በኋላ ፊልሙን ለመምህራኑ ለራሳቸው፣ ለወላጆችና በሌሎቹ ሁለት አገሮች ለሚገኙ መምህራን እያሳዩ «ምን አያችሁ?» ብለው ጠየቁ። የጥናቱ ውጤት በ1989 በመጽሐፍ ታትሟል፤ በ2009 ደግሞ ዘዴው በአዲስ ፊልም ተደግሟል።

በኪዮቶ ከተማ በተነሣው ፊልም ላይ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ሌሎቹን ይመታል፣ ይረብሻል፤ መምህርቷ ግን ጣልቃ አትገባም። አሜሪካውያን ተመልካቾች ይህን እንደ ቸልተኝነት ቈጠሩት። ጃፓናውያኑ መምህራን ግን የመምህርቷ ዝምታ ታስቦበት የተደረገ መሆኑን አስረዱ፤ ልጆቹ ጠባቸውን ራሳቸው እንዲያበርዱና እርስ በርሳቸው መተራረምን እንዲማሩ ዕድል መስጠቷ ነው። አንዱ ፊልም ለአንዱ ጥፋት፣ ለሌላው ትምህርት ሆኖ ታየ። ከዚህ የምንረዳው ፊልም ምን እንደተደረገ ቢያሳይም ለምን እንደተደረገ ብቻውን ሊናገር እንደማይችል ነው። ስለሆነም ወላጅ ያነሣውን ፊልም ይዞ መምህርትን ለመክሰስ ከመሄድ አስቀድሞ አብሯት ተቀምጦ ማየትና ምክንያቱን መጠየቅ ይገባዋል።

በኢጣሊያ የሬጆ ኤሚልያ ከተማ መዋዕለ ሕፃናትም የዚሁ አሳብ ተግባራዊ ምሳሌ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1945 በአካባቢው የሚገኝ የአንድ መንደር ነዋሪዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ ካሚዮኖችና ፈረሶች ሸጠው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። በ1963 የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ። ሎሪስ ማላጉዚ በመራቸው በእነዚህ ትምህርት ቤቶች መምህራን የልጆቹን ሥራ በፎቶግራፍና በድምፅ እየቀረጹ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ ወላጆችም የልጆቻቸውን የመጨረሻ ውጤት ብቻ ሳይሆን ወደ ውጤቱ የተሄደበትን መንገድ ያያሉ። ወላጅ ትምህርት ቤቱን የመሠረተ እንደመሆኑ በምዘናውም ተካፋይ እንዲሆን ተደርጓል።

5. የአባት ካሜራ በዘመናችን

የቴክኒክ ዕድገት የወላጅን ካሜራ እስከ የት ሊያደርሰው እንደሚችል የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ ዴብ ሮይ አሳይቷል። ሮይ ልጁ በ2005 ከተወለደ ጊዜ ጀምሮ በመኖሪያ ቤቱ ጣራ ላይ 11 ካሜራዎችና 14 የድምፅ መቀበያዎች ተክሎ እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ድረስ 90,000 ሰዓት ያህል ቪዲዮ ሰበሰበ። ጥናቱ ካስገኛቸው ውጤቶች አንዱ ልጁ አንድን ቃል ለመናገር ሲቃረብ በዙሪያው ያሉት አዋቂዎች ሳይታወቃቸው ያንን ቃል ይዘው የሚናገሩትን ዓረፍተ ነገር እያሳጠሩ መምጣታቸው ነው። በ2015 የታተመው ጥናት ደግሞ በተለየ ቦታ፣ በተለየ ሰዓትና በተለየ አጋጣሚ የሚነገሩ ቃላት ቀደም ብለው እንደሚለመዱ አመለከተ።

በዚህ ቤት ውስጥ ከካሜራዎቹ የማይተናነስ ትምህርት የሚሰጥ ሌላ ነገር ነበር። በየክፍሉ ካሜራውን የሚያጠፋ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ከዚያም ሌላ ሳይታሰብ የተቀረጸውን ለመሰረዝ የሚያገለግል ልዩ ቁልፍ ተተክሎ ነበር። ከማንም ይበልጥ ለመቅረጽ የፈለገው አባት እንኳ መቀረጽ የሌለበት ነገር መኖሩን አስቀድሞ ተገንዝቧል።

6. የካሜራ ስሕተቶች

ፊልም የሚያሳስትባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) የክበቡ ጥበት፦ ወላጅ የራሱን ልጅ ብቻ ሲያነሣ ልጁ ለምን እንዳለቀሰ አይታይም፤ የገፋው ልጅ ከሥዕሉ ውጭ ነውና። የልጅ ጠባይ ከጓደኞቹ ጠባይ ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም።

ለ) ካሜራው የሚያመጣው ለውጥ፦ ካሜራ ያየ ልጅ ይዘፍናል ወይም ይደበቃል። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊልም ለምዘና አይሆንም፤ ልጆቹ ካሜራውን እስኪለምዱት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሐ) ከአንድ ማኅበረሰብ የተገኘን መለኪያ ለሁሉም ማድረግ፦ የጌዜል መለኪያዎች የተገኙት በኒው ሄቨን ከተማ ከሚኖሩ፣ ዝርያቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆነና በኑሮ መካከለኛ ደረጃ ካላቸው ቤተሰቦች ልጆች ነበር። ነገር ግን ለዓለም ሕፃናት ሁሉ የሚሠሩ ያህል ተሠራጩ። በጎረቤታችን በኬንያ ቻርልስ ሱፐር የተባለ ተመራማሪ በኪፕሲጊስ ሕዝብ ዘንድ አድርጎ በ1976 ያሳተመው ጥናት ሕፃናቱ ከአሜሪካውያን ሕፃናት ቀድመው እንደሚቀመጡና እንደሚራመዱ፣ በመዳህ ግን እንደማይቀድሙ አሳየ። ምክንያቱም እናቶቹ መቀመጥንና መራመድን ሆን ብለው ያለማምዷቸዋል፤ መዳህን ግን አያለማምዷቸውም። ዕድገት የተፈጥሮ ብስለትና የልምምድ ጥምር ውጤት ነው። በዚህም መሠረት እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ የገጠር ልጅ አራት ማዕዘን መሳል ቢያቅተው «ዘገምተኛ ነው» ከማለት በፊት በእንጨት በአፈር ላይ እንዲስል፣ በጭቃም ቅርጽ እንዲሠራ አድርጎ ማየት ይገባል።

መ) ማወዳደር፦ የአንዱን ልጅ ፊልም ከሌላው ልጅ ፊልም ጋር አስተያይቶ ደረጃ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው። ትክክለኛው ንጽጽር ልጁን ባለፉት ወራት ከነበረበት ሁኔታ ጋር ማነጻጸር ነው።

7. በአገራችን ሁኔታ

በኢትዮጵያ ልጆች ገና በአራትና በአምስት ዓመታቸው ከየኔታ ዘንድ ሄደው ፊደል የሚቈጥሩበት ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። በዘመናዊ መልክ የተዘጋጀው መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ በድሬዳዋ ለምድር ባቡር ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች በተከፈተው ትምህርት ቤት እንደተጀመረ ይነገራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት በማፋጠን ለመደበኛ ትምህርት የሚያዘጋጅ መሆኑን ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ በኋላም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተከፈተው «ኦ» ክፍል በገጠርም ሆነ በከተማ ብዙ ልጆችን ወደ ቅድመ መደበኛ ትምህርት አስገብቷል።

ሁለንተናዊ ዕድገት ሲባል አካልን፣ አእምሮን፣ ቋንቋን፣ ስሜትንና ከሰው ጋር መኖርን ያጠቃልላል። ከእነዚህ መካከል በፈተና ወረቀት ሊለኩ የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት የሚታዩት በጨዋታ ላይ ነው። «ሰኞ ማክሰኞ» የምትጫወት ልጅ በአንድ እግር መቆሟን፣ ተራ መጠበቋን፣ መቍጠሯንና ሕግ ማክበሯን በአንድ ጊዜ ታሳያለች። «ዕቃ ዕቃ» የሚጫወቱ ልጆች የቤታቸውን ንግግር፣ የአስተሳሰባቸውን ስፋትና የሥራ ክፍፍልን ያሳያሉ። የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ በብዙ ቤት ያለ የእጅ ስልክ ይበቃል። የጎደለው ዘዴው ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የአምስት ዓመት ልጅ አለ እንበል። መምህርቷ ስትጠራው አይመጣም፤ ተረት ሲነገር መሬት ይጭራል። በመዝገቡ ላይ «አይታዘዝም፤ ትምህርት አይከታተልም» ተብሎ ተጽፏል። አባቱም ቤት ውስጥ በዚሁ ምክንያት ይገሥጸዋል። በስምምነት አባትየው በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት የአሥር ደቂቃ ፊልም ያነሣል። ከሦስተኛው ፊልም በኋላ መምህርቷና አባቱ አብረው ሲመለከቱ አንድ ነገር ይታያል። መምህርቷ ከልጁ ኋላ ሆና ስትጠራ ልጁ አይዞርም፤ በአጠገቡ ያሉት ልጆች ሲዞሩ አይቶ ግን ይዞራል። ፊት ለፊት ስታናግረው ዓይኑን ከአፏ አይነቅልም። መሬት የሚጭረው መምህርቷ መጽሐፉን ፊቷ ላይ ይዛ በምታነብበት ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ልጅ ያልታዘዘ ሳይሆን ያልሰማ ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ የሚይዝ የጆሮ ሕመም የልጆችን የመስማት ችሎታ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ፊልሙ ሕመሙን ሊመረምር አይችልም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። ነገር ግን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ምክንያት ሰጥቷል፤ እስከዚያም ድረስ ከፊት ወንበር እንዲቀመጥ አድርጓል። ሁለተኛ ጊዜ ባይታይ ኖሮ ግን የተሰጠውን ስም ይዞ አንደኛ ክፍል በገባ ነበር።

8. ሊጠበቁ የሚገባቸው ደንቦች

ወላጆችና መምህራን በዚህ ዘዴ ለመጠቀም ሲፈልጉ የሚከተሉትን ነጥቦች ቢጠብቁ ሥራው ፍሬ ይሰጣል።

ሀ) ሰዓቱ፣ ቦታውና የጨዋታው ዓይነት አስቀድሞ ይወሰን። በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይነሣ። ካሜራው ከተከፈተ በኋላ ጊዜው እስኪያልቅ አይዘጋ።

ለ) ካሜራው በልጆች ቁመት ልክ፣ ራቅ ብሎና ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥ፤ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር እንዲታይ። አንሺው ልጆቹን አያዝዝ፣ አያበረታታ፣ አይሳቅባቸው።

ሐ) ፊልሙ በመጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎም ከድምፁ ጋር ይታይ። ተመልካቾች የሚጽፉት ያዩትን ድርጊት እንጂ ፍርዳቸውን አይሁን። «ልጁ ግትር ነው» የሚለው ፍርድ ነው፤ «ከኋላው ሲጠራ አልዞረም» የሚለው ግን የታየ ነገር ነው።

መ) ፊልሙ የመምህርት ሥራ መቈጣጠሪያ አይሁን። መምህርት በካሜራ እየተሰለለች እንደሆነ ከተሰማት ከልጆቹ ይልቅ ለካሜራው መሥራት ትጀምራለች።

ሠ) በሥዕሉ ውስጥ የሚገቡት ሕፃናት ወላጆች ሁሉ አስቀድመው ይፈቀዱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የሕፃኑን የግል ሕይወት ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ አያያዝ በሕግ ሥር አድርጓል።

ረ) ልጅ ሲታጠብ፣ ልብስ ሲቀይር፣ ሲታመም ወይም ሲቀጣ አይነሣ። ለምዘና የተነሣ ፊልም በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች አይሠራጭ፤ የታቀደለት ሥራ ሲያበቃም ለልጁ ቤተሰብ ይሰጥ ወይም ይደምሰስ። ልጁ ራሱ «አታንሡኝ» ካለም ቃሉ ይከበር።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጹት ምሳሌዎች ሁሉ የሚታየው አንድ የጋራ ነገር አለ። ሕፃኗ በድንጋዩ ዙሪያ ስትዞር፣ የሆስፒታሏ ሕፃን ዝም ስትል፣ የኪዮቶው ልጅ ሲረብሽ በመጀመሪያው እይታ የተሰጣቸው ትርጉም የተሳሳተ ወይም ያልተሟላ ነበር። እርማቱ የመጣው ሰዎች ቆም ብለው ሁለተኛ ጊዜ በመመልከታቸውና ያዩትን ከሌሎች ጋር በመወያየታቸው ነው። ካሜራው ይህን ሁለተኛ ጊዜ የሚሰጥ መሣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

ስለሆነም ትምህርት ቤቶች ወላጆችን ለበዓል ቀን ብቻ ከመጥራት ይልቅ በአዘቦት ቀን ገብተው ከመምህራን ጋር የሚመለከቱበትን ጊዜ በዓመቱ መርሐ ግብር ውስጥ ቢያደላድሉ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም የታየውን ከተፈረደው ለይቶ የመጻፍን ልምምድ በትምህርታቸው ውስጥ ቢያካትቱ ጥቅሙ ከፍ ያለ ይሆናል። የእጅ ስልክ በሌለበት ትምህርት ቤትም ቢሆን ዘዴው ይሠራል፤ በተወሰነ ሰዓት፣ ለአሥር ደቂቃ፣ አንድን ልጅ ብቻ በዝምታ ተመልክታ የታየውን በደብተር ላይ የምታሰፍር መምህርት የዚሁ ሥራ ባለቤት ናት። ስለ አንድ ልጅ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው ቃል ከመጻፉ በፊት ልጁ ሁለት ጊዜ ሊታይ ይገባዋል።